አንዲት ቁራጭ ብረት! «የሲቪል ነው» ለሚሉንም፣ «መትረየስ ነው» ለሚሉንም

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ወይም የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተኩስ በተሰማ ቁጥር የኛ ኮመንት ሳጥን ሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ጎራ «ፈረንጅ አብዷል፣ መትረየስ እንደ ዳቦ በሱቅ ይሸጣል» ይላል። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው የሚኖረውና ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ መተኮሻ ሄዶ ፎቶ የሚለጥፈው፣ «ዝም በሉ፣ አታውቁም! ይሄ እኮ የሲቪል ነው፣ ለስፖርት ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስድብ ይጀመራል። ከዚያ ዘር ይቆጠራል። ጠመንጃው ይረሳል።

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ ጠመንጃው እናውራ። ሁለቱም ጎራ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ባለማወቅ ነው የተሳሳተው፣ ሲነግሩት ይማራል። ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት ይዞ ስለሚከራከር እሱ ነው የሚያስቸግረው። ግማሽ እውነት የያዘ ሰው መማር አይፈልግም።

ከስሙ እንጀምር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት «የኛ» ካላልኩ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።) ኤአር-15 ሲባል «ኤአር» የሚለው «የጥቃት ጠመንጃ» ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ አርማላይት ከሚባለው ድርጅት ስም የመጣ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዩጂን ስቶነር የሚባል መሐንዲስ እዚያ እየሠራ ነደፈው። ድርጅቱ በ1959 መብቱን ለኮልት ሸጠ። የአሜሪካ ጦር ከኮልት ተቀብሎ ኤም-16 አለው፣ ቬትናም ይዞት ዘመተ። ኮልት ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ያንኑ ጠመንጃ ተኩሱን ቀንሶ ለሲቪል ገበያ አወጣውና ኤአር-15 የሚለውን ስም አስቀረለት።

ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። ጠመንጃው መጀመሪያ ለወታደር ነው የታሰበው። የአዳኝ ጠመንጃ አድጎ የወታደር አልሆነም፣ የወታደሩ ተቀንሶ ነው ለአዳኝ የተሸጠው። «ለስፖርት የተሠራ» የሚለን ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ።

እሺ፣ ምኑ ነው የተቀነሰው?

በግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ምላጩን ስትስብ አንድ ጥይት ይወጣል። የባሩዱ ጋዝ ውስጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፣ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፣ ይዘጋጃል። ግን አይተኩስም። ጣትህን ለቀህ እንደገና መሳብ አለብህ። አንድ ስበት፣ አንድ ጥይት። አውቶማቲኩ ይሄን ሁሉ ካደረገ በኋላ አይጠብቅህም፤ ጣትህ ምላጩ ላይ እስካለ ድረስ ካዝናው እስኪራቆት ያንጣጣዋል። ኤም-16 ላይ በአውራ ጣት የሚዞር ቁልፍ አለ፤ መጠበቂያ፣ ነጠላ፣ ሩምታ። የሲቪሉ ላይ ቁልፉ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ መጠበቂያና ነጠላ። ሦስተኛዋን ቦታ የምታሠራው የውስጥ ብረት ሲቪሉ ውስጥ የለችም።

በቃ። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። እዚያ አገር ያቺን ብረት ያለ ፈቃድ መያዝ ብቻውን መትረየስ እንደመያዝ ተቆጥሮ ወህኒ ያስወርዳል።

ስለዚህ «መትረየስ በሱቅ ይሸጣል» የምትለው ወንድሜ፣ አይሸጥም። አሜሪካ ከ1934 ጀምሮ መትረየስን በምዝገባና በ200 ዶላር ግብር አስራለች። ያኔ 200 ዶላር ቀልድ አልነበረም። በግንቦት 1986 ደግሞ አዲስ መትረየስ ለሲቪል መሸጥ ጭራሽ ተከለከለ። ዛሬ በግለሰብ እጅ በሕግ የሚዘዋወረው ከዚያ በፊት የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ስለማይጨምር ዋጋው በአሥር ሺህዎች ዶላር ይጠራል። ሕጉም የሚለየው በመልክ አይደለም። ምላጩ አንዴ ሲሠራ ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩስ ከሆነ መትረየስ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ይሄን ሳታውቅ ከዲያስፖራው ጋር ስትከራከር በመጀመሪያው ዙር ይጥልሃል። ከዚያ በኋላ ትክክል የሆነ ነገር ብትናገርም የሚሰማህ የለም።

ሌሎች ትንንሽ ልዩነቶችም አሉ። የወታደሩ የኤም-4 አፈሙዝ 14.5 ኢንች ነው፤ የሲቪሉ ልዩ ምዝገባ ውስጥ ላለመግባት ቢያንስ 16 ኢንች መሆን አለበት። ጥይቱም በሲቪል ስሙ .223፣ በኔቶ ስሙ 5.56 ይባላል፤ በውጭ ልኩ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ የግፊት ልዩነት አለው። ስለዚህ ብዙም አልቆይም፣ የተመታውን ሰው የሚለውጥለት ነገር የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጎራ።

አንተ «የሲቪል ነው» የምትለው፣ ያልተቀነሰውንስ ለምን አትቆጥርም? ጥይቱ ያው ነው። አራት ግራም የማይሞላ ወይም አራት ግራም ገደማ የሆነ እርሳስ በሴኮንድ 900 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 400 ሜትር እንኳ አይደርስም። ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ብቻ አያድግም፣ በእጥፍ እጥፍ ነው የሚያድገው፤ ሰባተኛ ክፍል ፊዚክስ ያልዘለለ ሰው ያውቀዋል። ካዝናው ያው ባለ 30 ነው። ክብደቱ ያው ቀላል ነው፣ የሚረግጠው ትንሽ ነው፣ ልጅ እግር እንኳ በአንድ ቀን ይለምደዋል። እነዚህ ሁሉ ለወታደሩ የተጨነቁለት ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ጥይት እንዲሸከም፣ ቶሎ እንዲያነጣጥር፣ ሳይደክም እንዲተኩስ። ከዚህ ውስጥ አንዱም ከሲቪሉ አልተነሳም። የተነሳው ሩምታው ብቻ ነው።

ሩምታ ደግሞ ወታደሩ ራሱ ብዙ የማይጠቀምበት ነገር ነው!

ይሄ ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ነጥብ ነው። ፊልም አይታችሁ ወታደር ማለት ከወገቡ ይዞ የሚያንጣጣ ሰው መስሏችኋል። የሠለጠነ እግረኛ ወታደር አነጣጥሮ ነጠላ ነጠላ ነው የሚተኩሰው። የሩምታው ሁለተኛና ሦስተኛ ጥይት አፈሙዙን ስለሚያነሳው ሰማይ ነው የሚመታው። ቬትናም ላይ የአሜሪካ ጦር ይሄን በጥይት ኪሳራ ተማረ። በ1980ዎቹ ኤም-16ኤ2 ሲመጣ ሙሉ ሩምታውን አውጥተው በአንድ ስበት በሦስት ጥይት ገደቡት። በኋላ ኤም-4ኤ1 ላይ መልሰውታል፣ እውነቱን ልናገር። ግን ያ ጦር ሩምታ በሌለው ጠመንጃ ለዓመታት ሲዋጋ «የሲቪል ሠራዊት» ያለው ሰው አልሰማሁም።

ሌላ ልጨምርላችሁ። የእንግሊዝ ጦር ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የያዘው ጠመንጃ ኤስኤልአር ይባላል። የቤልጅጉ ፋል ነው፣ እንግሊዞቹ ግን ሩምታውን አስወጥተው ነጠላ ብቻ አድርገው አሠሩት። ሆን ብለው! በ1982 ፎክላንድ ደሴቶች ላይ ከአርጀንቲና ጋር ሲዋጉ አርጀንቲናዎቹ የያዙት ያንኑ ፋል ከነሩምታው ነበር። ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ። በዲያስፖራው ወንድማችን አቆጣጠር ግን የእንግሊዝ ጦር በስፖርት መሣሪያ ነው ያሸነፈው።

ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን? የኛው ቃኘው ሻለቃ። በ1951 ኮሪያ የዘመቱት አባቶቻችን ከአሜሪካ የተሰጣቸው ኤም-ዋን ጋራንድ ነው። ጋራንድ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ አንድ ስበት አንድ ጥይት ነው፣ ሩምታ የሚባል ነገር አያውቅም። በዛሬው የአሜሪካ ሕግ አንድ ሲቪል ጋራንድ ገዝቶ ግድግዳው ላይ መስቀል ይችላል። እና እነዚያ ሰዎች በዚያ ብርድ፣ በዚያ ተራራ ላይ የሲቪል ዕቃ ይዘው ነበር? አያቱ ኮሪያ የዘመተ ልጅ ካለ እስቲ ሄዶ ይጠይቅልን።

ስለዚህ «ግማሽ አውቶማቲክ» ማለት «የሲቪል» ማለት አይደለም። ግማሽ አውቶማቲክ የአተኳኮስ ዓይነት ነው። «ሲቪል» ደግሞ የገዢው ስም ነው። ገዢው ሲቪል ስለሆነ ጥይቱ ሲቪል አይሆንም።

በታኅሣሥ 2012 ኮኔቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባው ገዳይ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 154 ጊዜ ተኩሷል። 20 ሕፃናት፣ 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች። ልጆቹ የስድስትና የሰባት ዓመት ነበሩ። አንድም ሩምታ የለም፣ ሁሉም ነጠላ ነው፣ ሁሉም «የሲቪል» ነው። በግንቦት 2022 ቴክሳስ ዩቫልዲ ላይ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። በጠቅላላው ከ370 በላይ የፀጥታ ሰው ቦታው ላይ ደርሶ፣ ገዳዩ ያለበት ክፍል እስኪገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የታጠቀና የሠለጠነ ሰው፣ ጥይት መከላከያ የለበሰ ሰው፣ አንድ ልጅ እግር የያዘውን «የስፖርት መሣሪያ» ፈርቶ ኮሪደር ላይ ቆመ። የአንዳንዶቹን ሕፃናት አስከሬን ለመለየት ወላጆች የዘረመል ናሙና እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ይሄን አንብቦ «ግን እኮ አውቶማቲክ አይደለም» ብሎ ኮመንት የሚጽፍ ሰው ምን ልበለው?

ሩምታ ምንም ማለት አይደለም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጠመዝዙብኝ። የሚመታው ነገር አንድ ሰው ሳይሆን ሕዝብ ሲሆን ማነጣጠር አያስፈልግም፣ ያኔ ሩምታ አስፈሪ ነው። በጥቅምት 2017 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ ላይ ከሆቴል ፎቅ ወደ ኮንሰርት የተኮሰው ሰው በአሥር ደቂቃ ገደማ ከአንድ ሺህ በላይ ጥይት አዝንቧል። 60 ሰው ሞተ፣ በመቶዎች ቆሰለ። መሣሪያዎቹ ከሱቅ የተገዙ ግማሽ አውቶማቲኮች ነበሩ። ሰደፋቸው ላይ ግን «በምፕ ስቶክ» የሚባል ዕቃ ተገጥሞ ነበር፤ የጠመንጃውን እርግጫ ተጠቅሞ ምላጩን ከጣት ጋር ደጋግሞ የሚያጋጭ ነው። ለጆሮ ሩምታ ነው፣ ለሬሳ ሩምታ ነው። ለሕጉስ? መንግሥት ከለከለው፣ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በሰኔ 2024 ዳኞቹ 6 ለ 3 «መትረየስ አይደለም» ብለው ወሰኑ። ምክንያቱ? ምላጩ እያንዳንዱ ጥይት ሲወጣ ተለቆ ተመልሶ ይሠራልና «አንዴ» አይባልም። አያችሁ? የዚያን አገር ሕግ በሙሉ የያዘችው ያቺ ቁራጭ ብረት ናት። ሕጉ የሚቆጥረው የምላጩን እንቅስቃሴ ነው፣ የወደቀውን ሰው አይቆጥርም።

ይከለከል የሚሉት ደግሞ ተራቸውን ሲያገኙ ምን ሠሩ? በ1994 ፌዴራል ሕግ አወጡ፣ እስከ 2004 ቆየ። ካዝናን በአሥር ጥይት መገደቡ ቁም ነገር ነበረው። ጠመንጃውን የለዩበት መንገድ ግን ያስቃል። ሳንጃ መግጠሚያ አለው ወይ? ሰደፉ ይታጠፋል ወይ? እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ አለው ወይ? አፉ ላይ ነበልባል መሸፈኛ አለው ወይ? ከእነዚህ ሁለቱ ካሉበት ተከለከለ። ፋብሪካዎቹ ሳንጃ መግጠሚያውን ቆርጠው፣ መሸፈኛውን አንስተው፣ ያንኑ ጠመንጃ በማግሥቱ ሸጡት። በሳንጃ ተወግቶ የሞተ ተማሪ ያለ ይመስል! አቤት ሕግ አውጪ! መሣሪያውን አንድ ቀን እንኳ በእጁ ሳይዝ መልኩን አይቶ ነው የጻፈው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወገኖቻችንን ይሄ በቀጥታ ይመለከታችኋል፤ የምትኖሩበት የሜሪላንድ ሕግ ኤአር-15ን በስም ጠርቶ ከልክሎ፣ ወዲያው ቀጥሎ ግን አፈሙዙ ወፍራም የሆነውን የኮልት ዓይነት ይፈቅዳል። ወፍራም አፈሙዝ ቶሎ አይግልም፣ አነጣጥሮ ለመተኮስ እንዲያውም ይሻላል። እንግዲህ ፍረዱ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለአሜሪካ ብዬ አይደለም።

አባቶቻችን የያዙትን በስሙ ያውቁት ነበር። ውጅግራው አንድ አንድ እንደሚጎርስ፣ ምንሽሩ እንዴት እንደሚመታ፣ መትረየስ ምን እንደሚያደርግ ለይተው ነው የሚናገሩት። ውጅግራም መትረየስም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፣ ግን በእጃቸው ስለገቡ በአፋቸውም ገቡ። የኛ ትውልድ ደግሞ ሁሉንም «ክላሽ» ብሎ ያልፋል። ቲክቶክ ላይ ክላሽ አንግቶ የሚጨፍረው ልጅ ስንት ጎራሽ ነው ብትሉት አይመልስም።

ሩሲያ፣ የክላሽንኮቭ አገር፣ ለአዳኞቿ ሳይጋ የሚባል ሌላ ጠመንጃ ታመርታለች። ቅርጹ ክላሽ ነው፣ ሩምታ የለውም። የወታደሩን ለወታደር፣ የአዳኙን ለአዳኝ ብላ ቢያንስ በፋብሪካ ለይታለች። እኛ ጋ ገበሬው ትከሻ ላይ ያለው ክላሽ ከየት መጣ? ከጦር ሜዳ፣ ከፈረሰ ሠራዊት፣ ከድንበር ማዶ። ለወታደር የተሠራው፣ ሳይቀነስ። በቀኝ ጎኑ ያለው ቁልፍ ላይኛው መጠበቂያ ነው፣ መሃለኛው ሩምታ፣ ታችኛው ነጠላ። ልብ በሉ፣ ከመጠበቂያ ወደ ታች ስታወርደው መጀመሪያ የምታገኘው ሩምታውን ነው። አሜሪካዊው ከ1986 ወዲህ አዲሱን በምንም ገንዘብ የማይገዛው፣ አሮጌውን በመኪና ዋጋ የሚገዛው ነገር እኛ ጋ እልፍኝ ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ሥሩ ሕፃናት ይጫወታሉ። ይሄ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ነው እንግዲህ «ፈረንጅ አብዷል» የምንለው።

መሣሪያ ይዞ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ድንበሩን የሚጠብቅ ገበሬ ላይ ምላሴን አላሾልም። በገዛ አገሩ ማን ሊደርስለት እንደሚችል አይቶ ነው የያዘው። የምናገረው ለኛ ነው፣ ስልክ ይዘን ለምንጮኸው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 (የኛ) ወጥቷል። ስንቶቻችን አነበብነው? ምዝገባ ምን እንደሚጠይቅ፣ ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ ለግለሰብ እንደተከለከለ ሳናነብ ነው ስለ ትጥቅ በየቀኑ የምንሰዳደበው። በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ሩምታስ? ወደ ላይ የሄደ እርሳስ የሆነ ጣሪያ ላይ፣ የሆነ ግቢ ውስጥ፣ የሆነች ልጅ አናት ላይ ይወርዳል። ሙሽራውን ለማክበር 30 ጥይት ያዘነበው ጀግና የት እንዳረፈ ሊያይ አይሄድም።

በሚቀጥለው ጊዜ «የሲቪል ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትሳደቡ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ጥይቱ ከኤም-4 በምን ይለያል? ካዝናው ስንት ይይዛል? ወታደሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በየትኛው ቁልፍ ነው የሚተኩሰው? «መትረየስ ነው» የሚል ሲገጥማችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ አንዴ ሲሳብ ስንት ይተኩሳል?

ቃኘው ውስጥ የነበሩ አያት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ግን ጋራንዱን እንዴት እንደሚያስታውሱት ኮመንት ላይ ጻፉልን። በሕይወት ያሉት እየቀነሱ ነው።